በኤድጋር አለን ፖ ገደል ውስጥ ያገኘኋቸው ፊደላት

ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን አንድ ልብ ወለድ ጨርሼ ልከድነው ስል፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ በኋላ «ማስታወሻ» የሚል አጭር ጽሑፍ እንደ ቀረኝ አየሁ። እንዲህ ያለውን ማስታወሻ ብዙ አንባቢ ይዘለዋል። እኔ ግን ደራሲው አንዳችም ነገር በከንቱ እንደማያስቀምጥ ስለማውቅ ማንበቤን ቀጠልኩ። ጥቂት አንቀጾች እንደ ሄድኩ፣ በእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር መካከል፣ ሦስት የግዕዝ ፊደላት ጎን ለጎን ቆመው አገኘኋቸው፦ ጸለመ።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1838 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲው ኤድጋር አለን ፖ ነው። ርእሱም የናንታኬቱን አርተር ጎርደን ፒም ታሪክ የሚተርክ መሆኑን ይናገራል። ፖ በሕይወቱ የጨረሰው ረጅም ልብ ወለድ ይህ ብቻ ነው፤ ከአጫጭር ታሪኮቹና ከግጥሞቹ ጋር ሲነጻጸር አንባቢው ጥቂት ስለሆነ እኔም ዘግይቼ ነበር የደረስኩበት።

በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ፊደሉን በምግብ ቤት ማስታወቂያና በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያይ እንኳ ልቡ ትንሽ ብድግ ይላል፤ እኔ ደግሞ ያየሁት የዓለምን የአስፈሪና የምሥጢር ሥነ ጽሑፍ መሠረት በጣለ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ሳይነግሡ አንድ የአሜሪካ ማተሚያ ቤት ጸን፣ ለንና መን አሰልፎ አትሟል። ገጹን ደጋግሜ አየሁት። ቀጥሎ ግን በፊደላቱ አጠገብ የተሰጠውን ፍች አነበብኩ፤ ማስታወሻው ይህ የኢትዮጵያ ግሥ ጥላማ መሆንን እንደሚያመለክት፣ የጥላና የጨለማ ቃላት ሁሉም ከእርሱ እንደሚወጡ ይናገራል። ፊደላቱ የተገኙበትን ደሴትና የደሴቲቱን ሰዎች ሳስታውስ ደስታዬ እዚያው ላይ ቆመ። የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ከፍቼ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልለቀቀኝም። ፖን የማውቀው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህራችን አንድን ሽማግሌ ገድሎ ከወለል ሥር የቀበረውን፣ ከዚያም የሟቹን የልብ ምት እየሰማ የሚያብደውን ሰው ታሪክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካነበበልን ጊዜ ጀምሮ ነው። ተራኪው «እብድ አይደለሁም» እያለ በማለ ቁጥር እብደቱ እየተገለጠ ሲሄድ፣ የሚተርክልኝን ሰው ቃል መጠርጠር እንደምችል ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳሁት በዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ማንበብ ያስተማረኝ ሰው ፊደሌን እንዲህ ባለ ስፍራ ሲያስቀምጠው ምን ማለት እንዳለብኝ ማሰብ የግድ ሆነብኝ።

ነጭ የሚያስፈራቸው ሰዎች

ፒም ተደብቆ መርከብ የተሳፈረ ወጣት ነው። የመርከበኞች አመፅ፣ የባሕር ማዕበልና የሰው ሥጋ እስከ መብላት የሚያደርስ ረሀብ ያያል። በመጨረሻ «ጄን ጋይ» የተባለች የንግድ መርከብ እርሱንና ዲርክ ፒተርስን ታነሣቸዋለች፤ ፒተርስ እናቱ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ፣ አባቱ የቆዳ ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። መርከቢቱ ወደ ደቡብ ዋልታ ስትጓዝ በረዶውን አልፋ፣ አየሩ እየሞቀ ወደሚሄድበት ባሕር ትገባለች። እዚያም ጻላል የተባለች ደሴት ታገኛለች።

የጻላል ሰዎች ቆዳቸው ጥቁር ነው፤ የሚለብሱት የጥቁር እንስሳ ቆዳ ነው፤ ጥርሳቸው ሳይቀር ጥቁር ነው። በደሴቲቱ ላይ ነጭ ነገር የለም። እንግዶቹ ይዘውት የመጡት ነጭ ነገር ሁሉ ያስደነግጣቸዋል፦ የመርከብ ሸራ፣ እንቁላል፣ ዱቄት፣ የተከፈተ መጽሐፍ። መርከበኞቹ ደግሞ በደሴቲቱ ዳርቻ በብዛት የሚገኘውን፣ በሩቅ ምሥራቅ ገበያ ውድ ዋጋ የሚያወጣውን የባሕር እንስሳ ለመሰብሰብ ይዋዋላሉ። የአገሩ አለቃ ቱ-ዊት በፈገግታ ይቀበላቸዋል፤ ሴራው ከፈገግታው በስተጀርባ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ መርከበኞቹ በጠባብ ሸለቆ ሲመሩ ገደሉ ተንዶባቸው ከነሕይወታቸው ይቀበራሉ።

በአንድ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው የነበሩት ፒምና ፒተርስ ብቻ ይተርፋሉ። መውጫ ሲፈልጉ ከጥቁር ድንጋይ የተፈለፈሉ የሚመስሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ያገኛሉ፤ አንዱ ከሌላው ይገናኛል፣ ቅርጻቸውም እንግዳ ነው። ፒም የያንዳንዱን ቅርጽ በእርሳስ ይነድፋል። በአንዱ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ያለውን ጭረት ፒተርስ ክንዱን የዘረጋ ሰው ምስል ነው ብሎ ያስባል፤ ፒም ግን ከሥሩ የወደቀውን የድንጋይ ስባሪ አሳይቶ የተፈጥሮ ሥራ መሆኑን ያሳምነዋል። ከዚያ በታንኳ ያመልጣሉ። ኑ-ኑ የተባለ አንድ የደሴቲቱን ሰው ምርኮ አድርገው ይወስዳሉ። ውሃው ወተት ይመስላል፤ ከሰማይ ነጭ አመድ ይዘንባል፤ ግዙፍ ነጭ ወፎች «ተከሊሊ» እያሉ ይጮኻሉ። ኑ-ኑ ታንኳዋ ውስጥ ይሞታል። በመጨረሻም ቆዳው እንደ በረዶ የነጣ፣ ከማንም ሰው እጅግ የሚገዝፍ፣ የተከናነበ አካል ከፊታቸው ይቆማል። ታሪኩ እዚህ ላይ ይቋረጣል።

ማስታወሻው የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ጸሐፊው ስሙን አይገልጽም። ፒም በድንገት መሞቱን፣ የቀሩት ምዕራፎች መጥፋታቸውን፣ ሚስተር ፖም ታሪኩን ለመጨረስ ፈቃደኛ አለመሆናቸውን ይነግረናል። ከዚያ አንድ ነገር ከሚስተር ፖ ዓይን አምልጧል ይላል። የጉድጓዶቹ ንድፎች መገናኛ መተላለፊያዎቹ ተትተው በተራቸው ሲገጣጠሙ ጸለመ የሚለውን ይሠራሉ፤ ፒተርስ ያየው ጭረት በእርግጥም የሰው ምስል ነበር፤ ከአጠገቡ ያሉት ምልክቶች ደግሞ ነጭ መሆን የሚል የዐረብኛ ሥርና የደቡብ ምድር የሚል የግብፅ ቃል ናቸው። መጽሐፉ የሚዘጋው የነቢይ ንግግር በሚመስል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ በተራሮች ውስጥ እንደ ቀረጸው፣ በቀሉንም በዐለት ውስጥ ባለው አፈር ላይ እንዳኖረው የሚናገር ድምፅ ይሰማል። የማን ድምፅ እንደሆነ አይነገረንም።

ፊደላቱ የመጡበት መንገድ

ፖ ግዕዝ አያውቅም ነበር። ፊደላቱን ያገኘባትን መጽሐፍ ባላይም የመጡበትን አገር አቋራጭ መንገድ መገመት አይከብድም፤ ያንን መንገድ መከተል ለእኔ ከቁጭቱ ጋር መጽናኛም ሆኖኛል።

በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በጀርመን ጎታ ከተማ በሚገኘው ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ኢዮብ ሉዶልፍ ከተባለው ሊቅ ጋር ሥራ ይዘው ነበር። ሉዶልፍ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ሲያሳትም፣ የአውሮፓ የቋንቋ ጥናት ግዕዝን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጎን አስቀመጠው። ሌላው የግዕዝ ሊቅ ዲልማን በ1865 የራሱን ታላቅ መዝገበ ቃላት እስኪያወጣ ድረስ የምዕራብ ሊቃውንት የሚደገፉት በዚያ ሥራ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ጌሴኒዩስ ያዘጋጀው የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት የዕብራይስጡን ሥር ከዘመዶቹ ጋር ሲያስተያይ የግዕዙንም ይጠቅሳል፤ ይኸው መዝገበ ቃላት በ1836 ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ቦስተን ላይ ታትሟል። ፖ በ1837 አንድ የምሥራቅ አገሮች የጉዞ መጽሐፍ ሲገመግም፣ ስለ ዕብራይስጥ ጥቅሶች ለኒው ዮርኩ ሊቅ ለቻርልስ አንቶን ጽፎ ይጠይቅ ነበር። የፒም ታሪክ በሚቀጥለው ዓመት ወጣ። በእኔ ግምት ጸለመ ወደ ጻላል የተሻገረው እንዲህ ካለ መዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ነው።

ስለዚህ በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ዘንድ ግዕዝ የመጻሕፍት ቋንቋ መሆኑ የታወቀ ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተገኘው በግዕዝ ብቻ እንደሆነ፣ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ እንደ መለሰው በኦክስፎርድም በቦስተንም ይነገር ነበር። ፖ ፊደሉን ወሰደ፤ የፊደሉን ሰዎች ግን አልወሰደም። በልብ ወለዱ ውስጥ ጽሕፈት ያለው ተራራው ነው፤ በተራራው ላይ የሚኖሩት ሰዎች የተከፈተ መጽሐፍ ሲያዩ የሚሸሹ ሆነው ተሥለዋል። ከጥቁሩ ጥርስ ይልቅ እኔን የወጋኝ ይህ ነው። በብራና ላይ ቀለም ሲያፈስ የኖረ ሕዝብ ፊደል፣ ወረቀት በሚፈራ ሕዝብ እግር ሥር ተቀብሮ ተገኘ። ጽልመት የሚለውን ቃል በቤተ ክርስቲያን ንባብ ውስጥ የሰማሁት ሁልጊዜ ከብርሃን ጋር ተያይዞ ነው፤ በፖ ደሴት ላይ ግን የሰው ዘር መለያ ሆኖ ብቻውን ቆሟል።

የመጀመሪያው መርማሪ

ከዚህ በኋላ ፖን ትቼው እንደሆነ የጠየቁኝ ወዳጆች አሉ። አልተውኩትም፤ እንዲያውም ለምን ልተወው እንደማልችል የተረዳሁት ያንን ማስታወሻ እንደገና ሳነበው ነው።

ፖ በ1841 ባሳተመው የፓሪስ የግድያ ታሪክ ኦግስት ዱፓንን ፈጠረ፤ የመርማሪ ልብ ወለድ ታሪክም ዘወትር ከዚያ ይጀምራል። ከፖሊስ የሚበልጥ አእምሮ ያለው ብቸኛ ሰው፣ እያደነቀ የሚተርክ ጓደኛ፣ ከውስጥ የተዘጋ ክፍል፣ በመጨረሻም ሁሉን ነገር የሚፈታ ረጅም ማብራሪያ በዚያች አንድ ታሪክ ውስጥ ተሟልተው ተገኙ። በ1887 በወጣው የሸርሎክ ሆምስ የመጀመሪያ ታሪክ ውስጥ ዶክተር ዋትሰን ሆምስን ከዱፓን ጋር ሲያመሳስለው ሆምስ ይቆጣል፤ ኮናን ዶይል ራሱ ግን ዕዳውን አልካደም። ጃፓናዊው ሂራይ ታሮ በ1923 የመጀመሪያ ታሪኩን ሲያሳትም ኤዶጋዋ ራንፖ የሚል የብዕር ስም ያዘ፤ ስሙ ቶሎ ቶሎ ሲጠራ ኤድጋር አለን ፖ ይላል። የአሜሪካ የምሥጢር ጸሐፊዎች ማኅበር ከ1946 ጀምሮ የሚሰጠው ሽልማት «ኤድጋር» ይባላል። ይህን ሁሉ የዘርፉ ወዳጅ ያውቀዋል።

እኔ ግን የፖ የመጀመሪያው መርማሪ ዱፓን ነው ብዬ ማመን አቁሜያለሁ። ከዱፓን ሦስት ዓመት በፊት፣ ያ ስም የለሽ የማስታወሻ ጸሐፊ የመርማሪን ሥራ ሠርቶ አሳይቷል። የሞተ ሰው አለ፤ ሟቹ የተዋቸው ንድፎች አሉ፤ በዓይኑ ያየውን የካደ ምስክር አለ፤ ስፍራውን ሳይረግጥ፣ በተቀመጠበት ወረቀቱን አስተያይቶ ምስክሩ ያላየውን የሚያይ አንባቢ አለ። ፒም ጉድጓዶቹ ውስጥ ቆሞ ያጣውን ነገር፣ ማስታወሻ ጸሐፊው ከወረቀት ላይ አገኘው። ፖ በዚያች አጭር ጽሑፍ ያደረገው ትልቁ ነገር ፍርሃቱን ከጉድጓዱ አውጥቶ ወደ አንባቢው ክፍል ማምጣቱ ነው። ታሪኩን ስንጨርስ ደሴቲቱ አልፋለች ብለን ነበር፤ ማስታወሻውን ስንጨርስ ግን ደሴቲቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስታናግረን እንደ ነበር፣ እኛም እንዳልሰማናት እንረዳለን።

የፖ ኃይል በዚህ ላይ ይመስለኛል። ከእርሱ በፊትም ሙት የሚነሣባቸው፣ ግንብ የሚፈርስባቸው ታሪኮች ሞልተዋል። እርሱ አስፈሪውን ነገርና የሚፈታውን እንቆቅልሽ በአንድ እጅ ያዛቸው፤ አንባቢው ሲፈራ እንዲያስብ፣ ሲያስብ ደግሞ ይበልጥ እንዲፈራ አደረገው። በ1843 ያሳተመው የልብ ምቱ ታሪክ ተራኪው ራሱ የክስ ማስረጃ የሚሆንበት ነው፤ በዚያው ዓመት ያሳተመው የወርቁ ጥንዚዛ ታሪክ ምሥጢራዊ ጽሕፈትን ፊደል በፊደል እየፈታ ያስተምራል። የአሜሪካ የምሥጢር ጽሕፈት ሊቅ የነበረው ዊልያም ፍሪድማን በልጅነቱ ለዚህ ሙያ ልቡን የሰጠው ያንን ታሪክ አንብቦ ነው። ዶስቶየቭስኪ በ1861 በመጽሔቱ ላይ ሦስት የፖ ታሪኮችን ከራሱ መቅድም ጋር አወጣ፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ ቦድሌር ደግሞ የፒምን ታሪክ ጨምሮ ሥራዎቹን ወደ ፈረንሳይኛ በመመለስ ዓመታት አሳለፈ። እንዲህ ያሉ አእምሮዎች ለደም ማስፈራሪያ ሲሉ ይህን ያህል አይደክሙም።

ይሁንና ያው የማስታወሻ ጸሐፊ ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ዱፓን ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ቃሉን አነበበ። ማን ጻፈው አላለም።

ንጉሥ ሲከሰስ

ዘመናት ያልፋሉ፤ ያ ክፍት የቀረ ጉዳይ ግን ጸሐፊዎችን መጥራቱን አላቆመም። ፈረንሳዊው ደራሲ ጁል ቬርን በ1897 የፒምን ታሪክ የሚቀጥል ሙሉ ልብ ወለድ አወጣ፤ ለነጩ ምስል የማግኔት ኃይል ያለው የስፊንክስ ቅርጽ ተራራ መፍትሔ አደረገለት፤ ጻላልን ግን በመሬት መንቀጥቀጥ የወደመች፣ ሰው አልባ ሆና ነው ያገኛት። አሜሪካዊው የአስፈሪ ታሪክ ጸሐፊ ላቭክራፍት በ1936 በታተመው የደቡብ ዋልታ ታሪኩ የወፎቹን «ተከሊሊ» ወስዶ ለከፋ ፍጡር አፍ ሰጠው። ሁለቱም ፍርሃቱን ወረሱ። የደሴቲቱን ሰዎች ያነጋገረ የለም።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ የሥነ ጽሑፍ ነገሥታትም ለረጅም ጊዜ ሳይከሰሱ ኖረዋል። ፖን ወደ ችሎት ያቀረበችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን ናት። በ1992 ባሳተመችው የሂስ መጽሐፍ፣ ነጭ አሜሪካውያን ጸሐፊዎች በፈጠሩት የጥቁር ሰው ምስል ነጻነታቸውንና ፍርሃታቸውን እንዴት እንደ ሠሩበት ስታጠና፣ ከቀደምቶቹ መካከል ለዚህ ጥናት ከፖ የሚበልጥ አስፈላጊ ጸሐፊ እንደሌለ ጻፈች። የፒምን መጨረሻም በዚያው ዓይን አየችው፦ ጥቁሩ ኑ-ኑ በሞተበት ቅጽበት ነጩ ምስል ይነሣል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የታንኳዋን ትዕይንት እንደ ቀድሞው ማንበብ አልቻልኩም። ያ ነጭ ግዙፍ አካል ከመታየቱ በፊት አንድ ሰው መሞት ነበረበት፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው የሰውየውን ሞት በአንድ መስመር አልፌው ነበር።

ክሱ ያለ ማስረጃ የተነሣ አይደለም። ፖ ያደገው ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ውስጥ በትንባሆ ነጋዴው በጆን አለን ቤት ነው፤ ባሮች የሚያገለግሉበት ቤት ነበር። በ1829 ባልቲሞር ሳለ በአክስቱ በማሪያ ክሌም ስም ሆኖ ኤድዊን የተባለ ወጣት ባሪያ በ40 ዶላር ሲሸጥ ውሉን የፈጸመው እርሱ ነው። በ1831 ናት ተርነር በዚያው በቨርጂኒያ ባሮችን አስተባብሮ ሲያምፅ የነጮቹ ፍርሃት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሁሉ ተዳረሰ። ቱ-ዊት በፈገግታ እየመራ ወደ ሸለቆው የሚያስገባቸው ትዕይንት ከሰባት ዓመት በኋላ የታተመ ነው። በየማዕዱ የሚቆመው አገልጋይ ምን እያሰበ እንደሆነ የማያውቅ ጌታ የሚያየው ቅዠት በዚያ ትዕይንት ውስጥ ይሰማኛል። የወርቁ ጥንዚዛ ታሪክም ቢሆን ጁፒተር የተባለውን ነጻ የወጣ ጥቁር አገልጋይ መሳቂያ አድርጎ ነው የሚሥለው፤ ምሥጢራዊ ጽሕፈት መፍታት በሚያስተምረው በዚያው ታሪክ ውስጥ ግራና ቀኙን የማይለይ ሰው እርሱ ነው። ፖ ንባብን ለማን እንደ ሰጠና ከማን እንደ ነፈገ በሁለቱም ሥራዎቹ ላይ በግልጽ ይታያል።

የፖ መቃብር እኔ ከምኖርበት ከተማ ሩቅ አይደለም። ባልቲሞር ውስጥ፣ የፋየትና የግሪን ጎዳናዎች በሚገናኙበት የዌስትሚኒስተር ቅጥር ግቢ፣ በ1875 የቆመው ነጭ ሐውልት አለ። ለብዙ ዓመታት፣ እስከ 2009 ድረስ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በፖ የልደት ቀን በጃንዋሪ 19 ሦስት ጽጌረዳና ኮኛክ እያስቀመጠ ይሄድ ነበር። እኔም ወደዚያ በፍቅር ሄጄ አውቃለሁ። የኤድዊን ሽያጭ ውል የተፈረመው በዚሁ ከተማ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ስሄድ ግን ሁለት ሰው እያሰብኩ ነበር። አንዱ የት እንደ ተቀበረ የሚያሳይ ሐውልት አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው አባባል ያን ጊዜ የገባኝ በሌላ በኩል ነው፤ የተወጋው ሰው እንዲያስታውስ እንኳ ስሙ በአንድ ወረቀት ላይ መትረፍ አለበት፤ የኤድዊንም ስም የተረፈው በሸጡት ሰዎች ውል ላይ ነው።

ቢሆንም ሞሪሰን ፖን አውጥታ አልጣለችውም። አስፈላጊ ያለችው በሙሉ ልቧ ነው፤ ስሕተቱን እንኳ ለማጥናት የሚበቃ ጥልቀት ያለው ጸሐፊ መሆኑን በንባቧ አሳይታለች። ማት ጆንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲም በ2011 «ፒም» የሚል ልብ ወለድ ጻፈ፤ ዋና ገጸ ባሕርይው ይህንን መጽሐፍ አጥብቆ የሚያጠና ጥቁር መምህር ነው፤ ጥቁሮች ብቻ ከተሰባሰቡበት ቡድን ጋር ጻላልን ፍለጋ ወደ ደቡብ ዋልታ ይጓዛል። በፖ ደሴት የተሰደበው ወገን ልጅ ደሴቲቱን ለራሱ ሊያገኛት ይነሣል። አንድ ደራሲ ከሞተ ከ160 ዓመት በላይ ቆይቶ እንዲህ ያለ መልስ ከሰው ልብ ማውጣት ከቻለ፣ ተጽዕኖው በተከታዮቹ ቁጥር ብቻ የሚለካ አይመስለኝም። የሚከተሉትም የሚከሱትም ወደ አንድ ገጽ ይመለሳሉ፤ ያ ገጽ ደግሞ ፊደሌ ያለበት ነው።

ያልተጠየቁት

የእኅቴ ልጅ በምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልብ ምቱን ታሪክ አንብባ፣ የፖን ሌላ ሥራ እንድጠቁማት ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ከዚህ የሚያስፈራ አለው?» አለችኝ። ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ የፒምን ታሪክ ከሞሪሰን መጽሐፍ ጋር ሰጠኋትና ፒምን አስቀድማ እንድታነብ ነገርኳት። ጸለመ የሚለውን አላወራሁላትም፤ ራሷ እንድታገኘው ፈለግሁ። አግኝታዋለች። ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ደራሲው አልነበረም። «እነዚህ ሰዎች ይህን ያህል ነጭ ነገር የሚፈሩት ከዚያ በፊት ማን መጥቶባቸው ነው?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ በማስታወሻው ውስጥ የለም፤ ቬርንም ላቭክራፍትም አላነሡትም። መጽሐፉ ራሱ ግን ለመርማሪ የሚበቃ ፍንጭ ትቷል። የደሴቲቱ ሰዎች የመርከብ ሸራ ሲያዩ የሚደነግጡት ሸራ አይተው የሚያውቁ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የተከፈተ መጽሐፍ የሚሸሹት መጽሐፍ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቁ ሊሆን ይችላል። «ጄን ጋይ» ወደ ዳርቻቸው የመጣችው ሀብታቸውን ሰብስባ በሩቅ ገበያ ልትሸጥ ነው፤ ቱ-ዊትም ይህን በዓይኑ አይቷል። በገደሉ ውስጥ ቃሉን የቀረጸው ሰው ፊደል ያውቅ ነበር። በጠባቡ ሸለቆ ከተቀበሩት መርከበኞች በፊት በዚያ ምድር ሌላ ግፍ ተፈጽሞ እንደሆነ፣ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ስለ በቀል የሚናገረውም ስለዚያ ግፍ እንደሆነ መጠርጠር ፖ ራሱ ካስተማረን የምርመራ ሥርዓት አይወጣም።

አንድ ኢትዮጵያዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ጉዳይ እንዲረከበው እመኛለሁ። ታሪኩ ከቱ-ዊት ቤት ቢጀምር፣ መርከቢቱ በአድማሱ ላይ ስትታይ ሽማግሌዎቹ የተነጋገሩትን ብንሰማ፣ በታንኳዋ ውስጥ የሞተው ኑ-ኑም ከመሞቱ በፊት የሚናገረው ቢኖረው፣ ገደሉን የቀረጸው ሰው ከየት መጥቶ እዚያ እንደ ደረሰና ያንን ቃል ስለ ማን እንደ ጻፈው ብናውቅ። የእኅቴ ልጅ ክንዱን ስለ ዘረጋው ሰው ምስል የራሷን ግምት ይዛለች፤ የዘረጋው ወደ ደቡብ ነውና ሰውየው መንገድ እያመለከተ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ለሚመጣው መርከብ ቁም እያለ ይመስለኛል፤ እስካሁን አልተስማማንም።